የማያብጥ ቁስል

በአዲስ ቦርከና አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቶች ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። ግድግዳው ላይ፣ ከመብራት ማብሪያው ጎን፣ መዳፍ የምታህል ነጭ ሳህን ተለጥፋለች። በመመሪያው ላይ ያላት ስም ረጅም ነው፤ ሰው ግን «ጠያቂዋ» ይላታል። የወሎ ሴት ድምፅ ሰጥተዋታል። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ስትጠይቅ ከልቧ የሚያሳስባት ይመስላል።

«እንደምን ዋልሽ ኤልዳና? ሀሴት እንዴት ዋለችልሽ?»

ኤልዳና እጇን በቀሚሷ አድርቃ ቀረበች። ከኋላዋ የስምንት ዓመት ልጇ ገመድ ትዘላለች፤ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ።

«ምን ደህና ትውላለች ብለሽ ነው» አለች ኤልዳና። «አለች ከተባለ ነው እንጂ። እህል በአፏ አልዞረም። እንደ ጨርቅ ወድቃ ነው የዋለችው።»

ሃምሳ። ሃምሳ አንድ።

«አዝናለሁ» አለች ጠያቂዋ። «እናስተካክላለን።»

ገመዱ ቆመ። «እማዬ፣ ትከሻዬ ላይ ሞቅ አለኝ።»

«ዝም ብለሽ ዝለይ፣ አመድዬ።»

በልጅቷ ቀኝ ትከሻ፣ ከአጥንቱ ሥር፣ ሳንቲም የምታህል የመድኃኒት ልጥፍ አለች። በከተማው ልጥፍ የሌለው ሰው የለም። አያቶቻቸው ቅንጬ አረምን በእጃቸው ይነቅሉ ነበር ይባላል፤ እጃቸው እየቆሰለ፣ ዓይናቸው እያበጠ። በልጆቻቸው ዘመን አረሙ ከራያ እስከ አዋሽ ሜዳውን ያዘ። አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ ሲያብብ ተራራው በረዶ የጣለበት ይመስላል። ብናኙ በበር ሥር ይገባል፣ ሊጥ ላይ ያርፋል፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ይቀመጣል። መሬቱን ለማጽዳት ሁለት ጊዜ ዕቅድ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተተወ። በመጨረሻ መሬቱን ከማጽዳት ሰውን ዝም ማሰኘት ቀለለ።

ዝም የሚሰኘው ነገር ምን እንደሆነ በሦስተኛ ክፍል ይማሩታል። ብናኙ በራሱ ማንንም አይገድልም። አፍንጫና ሳንባ ግን ብናኙ ሲነካቸው ጠላት የመጣ መስሏቸው ደም ውስጥ አንዳች ጠረን ይለቃሉ፤ ይህ ጠረን «ጠሪ» ይባላል። ነጭ የደም ሕዋሳት ጠሪውን አሽትተው፣ ጉንዳን ስኳር እንደሚከተል፣ ጠረኑ ወደበረታበት ይጎርፋሉ። ሲደርሱ የሚወጉት ጠላት የለም፤ ይሁን እንጂ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። የተጠሩበትን ቤት ያሳብጡታል፣ መተንፈሻውን ይዘጉታል። በሀሴት መጽሐፍ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ማንም ወዳልሞተበት ቤት ለለቅሶ ሲገቡ፣ ሲገቡ፣ ሲገቡ ቆይተው የቤቱ ግድግዳ ሲፈነዳ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ልጆቹ በዚህ ሥዕል ይስቃሉ። ልጥፏ ጠሪውን ገና ከአፉ ትይዘዋለች።

ኤልዳና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከዚህ ሌላ የምታውቀው ነገርም አለ።

ከሀሴት በፊት ያቤጽ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራት። አራት ዓመት ሲሞላው ጤና ጣቢያው «የወሩ ጤነኛ ሕፃን» ብሎ ፎቶውን በር ላይ ሰቀለው። ጉንጩ ሙሉ፣ ጥርሱ ሙሉ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አየው። በዚያን ጊዜ ልጥፍ የሚሰጠው እንደ አሁኑ ለአራስ ሳይሆን አምስት ዓመት ለሞላው ብቻ ነበር። አበባው የፈነዳ ዕለት ያቤጽ ትንፋሽ አጥሮት እናቱ ጭን ላይ ሞተ። ፎቶው እስከ ወሩ መጨረሻ አልወረደም። ስለ ብናኙ ብዙ ሰዎች አስረዷት፤ ገባት። ስለ ፎቶው ማንም ምንም አላላትም፤ እሱ ደግሞ ማንም ሳያስረዳት ገባት።

ሴት ልጇ ስትወለድ አባቷ ኪሩቤል ሀሴት ብሎ ሰየማት። ኤልዳና ግን አመድዬ ትላታለች። አመድን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? የልጇን ጤና ለማንም አትናገርም፤ ለጎረቤትም፣ ለአስተማሪም፣ ለግድግዳም። ጠያቂዋ ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ልጄ ደህና ናት» አላለችም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እሷ ግን የሚደርሰው ሳይፈሩት የቀሩት ነው ብላ ታምናለች፤ ስለዚህ አንዱንም ሳትዘል ሁሉንም ትፈራለች።

ሀሴት እግር ውስጥ እሾክ የገባው እሑድ ነው። ኪሩቤል የራያን ሜዳ በሚያጭዱት ማሽኖች ላይ ይሠራል፤ ቤቱ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። የዚያን ዕለት ልጁን ይዞ ወንዝ ዳር ወረደ። ሀሴት ጫማዋን አውልቃ ስትሮጥ የግራር እሾክ ረገጠች። «ወጋኝ፣ ከዚያ ተወኝ» አለች በኋላ ስትጠየቅ። ማክሰኞ ኤልዳና እግሯን ስታጥብ ከውስጥ እግሯ መሀል ጥቁር ነጥብ አየች። በወረንጦ ስትስበው የጣት አንጓ የሚያህል እሾክ ወጣ።

ደም አልተከተለውም። መግልም አልነበረም። ቀዳዳው ምስማር የተነቀለበት እንጨት መስሎ ክፍቱን ቀረ።

አጥር የሚጋሯቸው እማማ ቤቲ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በሰፈሩ ልጥፍ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ዘመን የሚያስታውሱ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ምን ያስለቅስሻል?» አሉ። «እኔ በሷ ዕድሜ እሾክ ወግቶኝ እግሬ ተነፍቶ ሳምንት አልቅሻለሁ። የሷ ምንም አላለ። ዕድለኛ ናት በያ!»

«እማማ ቤቲ፣ እባክዎ አፍዎን!»

«እንትፍ፣ እንትፍ! ይኸው ተፋሁልሽ። ደግሞ አመድን ምን ዓይን ይበላዋል?»

በአሥረኛው ቀን ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባ ነበር። ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ግራጫ ሆኗል። አይቀላም፣ አያብጥም፣ አያዥም። ልጅቷ በዚያው እግሯ ትዘላለች። ሽታ ግን አምጥቷል፤ ሳይቀየር የከረመ የአበባ ውኃ ሽታ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኤልዳና ጠያቂዋን አላስጨረሰቻትም።

«እግሯ ቆስሏል! አሥር ቀኑ ነው!»

«አዝናለሁ። ያሳክካታል?»

«አያሳክካትም።»

«ቀልቷል?»

«አልቀላም። እሱ አይደል የጨነቀኝ!»

«አብጧል?»

«አላበጠም እኮ ነው የምልሽ! እንጨት ሆኗል!»

«አለመቅላቱና አለማበጡ መልካም ነው» አለች ጠያቂዋ። «መጨነቅሽ ግን ይሰማኛል። እናስተካክላለን።»

«እማዬ» አለች ሀሴት ከኋላዋ፣ «እንደገና ሞቀኝ።»

በማግሥቱ ኤልዳና ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ሂክማ የሰፈሩን ቤት ሁሉ በየበሩ ታውቃለች፤ ኤልዳናን ደግሞ ከሁሉ አስበልጣ ታውቃታለች። ገና ከበር ስታያት ሳቀች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሞተብሽ? ባለፈው ጉንፋኑ ካንሰር ነበር። ከዚያ በፊት የወተት ጥርሷ ሲነቃነቅ መንጋጋዋ ሊወልቅ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«እይው ብቻ።»

ሲስተር ሂክማ ፋሻውን ፈታች። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ጠርዙን በጣቷ ተጫነች፤ ልጅቷ ጣሪያውን እያየች እግሯን ታወዛውዛለች። ጠንከር አድርጋ ተጫነች። ምንም።

እኩለ ቀን ላይ ሆስፒታል ነበሩ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሥጋው አይመልስም አለ፤ ቢጫኑት አያመው፣ ቢቆስል አያብጥ። የማይመልስ ሥጋ ላይ የሞተውን ጠርጎ ማዳን እንደማይሠራ፣ ብልሹው ወደ አጥንቱ እየወረደ እንደሆነ ነገራት። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጣት። በዚያ ቀን ሥጋው ከመለሰ ይጠረጋል፤ ካልመለሰ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቆረጣል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ አስፈረማት።

ሲስተር ሂክማ ወደ ጤና ጣቢያው ይዛቸው ተመለሰች፣ በሩን ዘጋች፣ የልጅቷን የልጥፍ መዝገብ ከፈተች።

«የልጥፍ ትልቁ ደረጃ ስንት ነው?» አለች ኤልዳና።

«ዘጠኝ።»

«የሷ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ። ከሦስት ዓመት ወዲህ።»

«ለዚህች ልጅ? ማነው ዘጠኝ ያደረገው?»

ሲስተር ሂክማ የመዝገቡን መስተዋት ወደ እሷ አዞረችው። ረድፉ ረጅም ነበር። በየረድፉ ቀን ነበር፣ በየቀኑ ፊት ለፊት ምክንያት። «የእናት ቃል። የእናት ቃል። የእናት ቃል።» ኤልዳና ወደ ታች አንሸራተተችው፤ ጣቷ ሲደክም ገና ካቻምና ላይ ነበረች።

«እንዲያው ለአፌ ያልኩትን?» አለች በመጨረሻ። «ልጄን ደህና ናት የምትል እናት የት አለች?»

«እዚሁ አሉ፤ ሁሉም። አገሩ እንደሆነ ነፍሱ ልትወጣ ስትልም 'ደህና፣ ይመስገን' ነው የሚል። መጀመሪያ ሰሞን ጠያቂዋ እሱን እያመነች ስንት ሰው አለቀ። ስለዚህ አስተካከሏት። 'ደህና' ሲሏት ሰላምታ ነው ብላ ታልፈዋለች። እሮሮ ስትሰማ ግን፣ ይሄ ሰው እንዲህ ካለ ብሶበት ነው ብላ በሦስት ታባዛዋለች።» ሲስተር ሂክማ ፊቷን በሁለት እጇ ጠረገች። «በሦስትና በአራት የአረሙ ጠሪ ብቻ ነው የሚታፈነው። ዘጠኝ ላይ ሁሉም ይታፈናል። የእሾኩም፣ የቁስሉም። እግሯ አሥር ቀን ሙሉ ሲጣራ ማንም አልሰማውም።»

«ንቀይልኛ! አሁኑኑ!»

«ዘጠኝ ላይ ያለ ልጥፍ አይነቀልም። የታፈነው ሁሉ በአንዴ ይለቀቃል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ገንጥሎ የጣለው ጧት ነበር፤ ለምሳ አልደረሰም።»

«እሺ አንቺ ቀንሺው።»

«እጄ አይገባበትም። ለክልሉ ማመልከት ይቻላል፤ መልሱ በስድሳ ቀን ይመጣል።»

«እኔ ያለኝ አሥራ አራት ነው።»

«አውቃለሁ። ያንቺ ቃል ነው የሰቀለው፣ የሚያወርደውም ያንቺ ቃል ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «'ደህና ናት' ብትያት አይጠቅምሽም። ማመስገን አለብሽ። ዘርዝረሽ። ምን እንደበላች፣ እንዴት እንደሮጠች፣ እንዴት እንዳማረባት። ልጥፏ በሁለት ቀን አንድ ደረጃ ትወርዳለች። ሦስት ላይ ከደረሰች ነጮቹ ሕዋሳት መንገዱን ያገኙታል። አንድ ቀን ከተማረርሽ ግን ተመልሳ ትወጣለች።»

ኤልዳና በጣቷ ቆጠረች። ከዘጠኝ እስከ ሦስት አሥራ ሁለት ቀን።

«አበባው እኮ በዚህ ሳምንት ይፈነዳል» አለች። «ሦስት ላይ ስትደርስ ደረቷስ? ያን ያህል ጊዜ የታፈነ ደረት?»

«እሱን አላውቅም» አለች ሲስተር ሂክማ። «ዘጠኝ ለለመደ ደረት ለሌላው የሚበቃው ላይበቃው ይችላል።» ከመሳቢያዋ ሥር አፍ ውስጥ የሚነፋ የድሮ መድኃኒት አወጣች። ሠላሳ ጊዜ የሚነፋ ቀርቶታል። «ከዚህ ሌላ የለኝም። ቆጥበሽ።»

በመጀመሪያው ቀን ኤልዳና አልቻለችም። ግድግዳው ፊት ቆማ አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ፎቶው ተሰቅሎበት የነበረው የጤና ጣቢያው በር ነበር።

«ሀሴት እንዴት ዋለችልሽ?»

«ደህና ናት።»

ጠያቂዋ ቀጠለች። «ሌላ የምትነግሪኝ አለ?»

«በልታለች።»

«ምን ያህል?»

«እንዲያው... ትንሽ።»

«እሺ። መልካም ምሽት።»

በሁለተኛው ቀን ልጅቷን እማማ ቤቲ ዘንድ ልካ ብቻዋን ሞከረች። ጠያቂዋ የልጅቷን ድምፅ ካልሰማች ቃሉን እንደማትመዘግብ በትሕትና ነገረቻት። ሁለት ቀን እንዲሁ ሄደ፤ ከዚህ በኋላ የሚባክን ቀን የለም።

በሦስተኛው ቀን ኤልዳና ዓይኗን ጨፈነች።

«ሀሴት ዛሬ...» አለች። ስሙ ለአፏ አዲስ ነበር። «ሁለት እንቁላል በላች። ዳቦም ጨመረች። ፊቷ... ፊቷ ያበራል። ፀጉሯን ስሠራት እንዴት ያለ ፀጉር ነው አልኩ። ከክፍሏ ልጆች እሷን የሚያህል የለም። ብርቱ ናት። ጠንካራ ናት።»

«ደስ ይላል» አለች ጠያቂዋ። «ይህን በመስማቴ ደስ ብሎኛል።»

ሀሴት ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች።

«እማዬ፣ ስለማን ነው የምታወሪው?»

«ስላንቺ ነዋ።»

«እኔ?» ልጅቷ አሰበች። «ለምን ነው ታዲያ የምታለቅሽው?»

ኤልዳና ወደ መታጠቢያው ሄዳ ሦስት ጊዜ ተፋች።

እንዲህ ሆነና በአዲስ ቦርከና በአንድ ቤት በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት እናት ልጇን ማመስገን ጀመረች። ቤቶቹ ግድግዳቸው ስስ ነው። በአምስተኛው ቀን እማማ ቤቲ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን ነካሽ ልጄ? ጥርሷን፣ ዳሌዋን፣ አረማመዷን... እንደ በግ ነጋዴ ታሞጋግሻታለሽ። ልትሸጫት ነው እንዴ?»

«ይተዉኝ እማማ ቤቲ።»

«ስንት አሏት?»

ኤልዳና ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ደነገጠች። አበባው በዚያው ቀን ፈነዳ። ከሰዓት በኋላ ከተራራው ነጭ ብናኝ ወረደ፤ መንገዱን፣ ጣሪያውን፣ የቆሙ መኪናዎችን ሸፈነ። ሰው በውስጡ እየተራመደ ገበያ ሄደ፣ ተመለሰ። ያስነጠሰ ማንም አልነበረም።

በስምንተኛው ቀን ሀሴት አስነጠሰች። ከዚህ በፊት አስነጥሳ ስለማታውቅ አፍንጫዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማዬ! ፊቴ ፈነዳ!»

«ይማርሽ!» አሉ እማማ ቤቲ ከአጥሩ ወዲያ።

«ማን ነው የሚምረኝ?» አለች ልጅቷ በፍርሃት። «ምን አጠፋሁ?»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኤልዳና ግን ልጥፉ ስድስት ላይ መድረሱን አሰላች፤ እግሯን ፈትታ አየች። ግራጫ። እንደነበረ።

በአሥረኛው ቀን ሳሉ መጣ፣ ከሳሉ በኋላ ከልጅቷ ደረት ቀጭን ድምፅ መውጣት ጀመረ። ኤልዳና ድምፁን ታውቀዋለች። ጭኗ ላይ ይዛው ሰምታዋለች። ሀሴትን ትራስ ደግፋ ቁጭ አደረገቻት፣ መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ነፋችላት። ሃያ ስምንት ቀረ። በማግሥቱ አሥራ ዘጠኝ ቀረ። በማግሥቱ ማግሥት አሥራ ሦስት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ኪሩቤል ከራያ ደወለ። የማሽኑ ድምፅ ከኋላው ይሰማል።

«ስሚኝ» አለ። «ተያት። እግሯ ይቅር። አንድ እግር ነው፤ ሰው ሠራሽ ይገጠምላታል፣ ትሄዳለች። እኔ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብርም። ዛሬ ለጠያቂዋ እውነቱን ንገሪያት።»

«እውነቱን ነግሬያት ነው ወይ እዚህ የደረስነው?»

«ኤልዳና!»

«አምስት ደቂቃ የዘገየ መኪና እንኳ ገደል ገብቷል ብዬ የማለቅስ ሴት ነኝ። አንተ ታውቀኛለህ። እኔ ክፉ ነገር አይታየኝም ይመስልሃል?»

«እሱማ ሞልቶ ይታይሻል። ለዚህ አይደለ የምልሽ!»

«እግሯን እያየሁት ነው» አለች።

የምር እያየችው ነበር። ፋሻውን የፈታችው ለሃያኛ ጊዜ ነው። በግራጫው ጠርዝ ዙሪያ፣ ከአንድ ወገን ብቻ፣ ክር የማታክል ቀይ መሥመር ወጥታለች። ከቆዳው ይሁን ከዓይኗ አላወቀችም። ወደ መስኮቱ አዞረቻት፤ መሥመሯ አልጠፋችም። ጣቷን አስጠጋች፤ ሞቅ ያለ መሰላት። የተመኘችው ሁሉ እንደሚያታልላት ታውቃለች፤ ስለዚህ ለኪሩቤል አልነገረችውም። ስልኩን ዘጋች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ከአራት ደረጃ ወደ ሦስት የሚወርዱት በዛሬውና በነገው ቃል ነው። ሀሴት አልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ በየትንፋሹ ይነሳል፣ አንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ትገባለች፣ ትወጣለች። ድምፁ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ሲወጣ ይረዝማል፣ ሲገባ ያጥራል።

«እንደምን ዋልሽ ኤልዳና? ሀሴት እንዴት ዋለችልሽ?»

«ሀሴት...» አለች። «ሀሴት ዛሬ ከወትሮው በለጠች። ሥጋ በላች። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ዋለች። ዓይኗ እንደ ኮከብ ነው። ያየ ሁሉ ይመኛታል። እኔ ራሴ አይቼ አልጠግባትም።»

«ደስ ይላል። ከኋላሽ ድምፅ ይሰማኛል። ምንድን ነው?»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ኤልዳና ልጅቷን አየቻት። ድምፁ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ።

«ፉጨት ነው» አለች ኤልዳና። «ፉጨት ተምራ ነው። ጧት የጀመረች ይኸው አልተወችም።»

ጠያቂዋ ጥቂት አዳመጠች።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለች። «መልካም ምሽት።»

በማግሥቱ ያንኑ ቃል ደገመችው፤ ጠያቂዋም ያንኑ መለሰች። መድኃኒቱ አራት ጊዜ የሚነፋ ቀረው። ኤልዳና ልብስ ሳታወልቅ፣ ጫማ ሳታወልቅ፣ ልጇን ከጀርባ አቅፋ ትንፋሿን እየቆጠረች ጠበቀች። ቁጥሩን ለማንም አልተናገረችም።

በቀጠሮው ቀን ጧት በሆስፒታሉ አዳራሽ ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጅ የያዙ እናቶች። በመስኮቱ ውጭ ብናኙ እንደ ጉም ተኝቷል። አዳራሹ ጸጥ ያለ ነው። የሚያስል የለም፣ አፍንጫ የሚያብስ የለም፣ የሚያክክ የለም። አንዱ ልጅ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ያዛጋል። ሌላዋ ፊቷ ላይ የተላጠ ቦታ አላት፤ እየተጫወተች ነው። በዚህ ጸጥታ መሀል የሀሴት ደረት ብቻ ያፏጫል፤ ሰዎች ወንበራቸውን ትንሽ ትንሽ አራቁ።

ስሟ ተጠራ። ኤልዳና አዝላት ገባች። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያነሳ አንድ ጊዜ ዓይኑን ወደ ልጅቷ ደረት ወረወረ፣ ከዚያ ጓንቱን አጠለቀና ፋሻውን ፈታ።

እግሩ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ቆዳው ቀልቶ፣ ወጥሮ፣ ያብለጨልጫል። ከቀዳዳው አፍ ወፍራም ቢጫ መግል ቆሟል። ሽታው ያው ሽታ አልነበረም።

ሐኪሙ አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ አሳረፈና ተጫነ።

ሀሴት ጮኸች። ትንፋሽ አልነበራትም፤ ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም፤ ጮኸች። በደህናው እግሯ የሐኪሙን ደረት መታችው፤ ሰውየው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንከባለለ፣ መነጽሩ ከአልጋው ሥር ገባ። ተነሥቶ ጓንቱን አወለቀ። በወረቀቱ ላይ «ይቆረጣል» የሚለውን በአንድ መሥመር ሰረዘ፣ ከጎኑ «ይመልሳል» ብሎ ጻፈ፣ ቀኑን አሠፈረ።

«እስኪጠረግ ኦክስጅን ላይ ትቆያለች» አለ። «አበባው አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ቀላል አይሆንም።»

«አውቃለሁ» አለች ኤልዳና።

የሚገፋው አልጋ እስኪመጣ ልጇን ታቅፋ አዳራሹ ውስጥ ቆመች። ሀሴት በኃይል ታለቅሳለች። በዚያ አዳራሽ ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ ከተሰማ ዓመታት ሆኖታል፤ ሁሉም አንገቱን አዙሮ ያያል። ፊቷ የተላጠው ልጅ እናት፣ ወጣት ሴት፣ ተነሥታ ቀረበች። ልጇን በጀርባዋ ሸሸገቻት።

«ውይ፣ እናቴን! ምን ሆና ነው?»

ኤልዳና ልጇን ከፍ አድርጋ አቀፈቻት።

«አመማት» አለች። «ተመስገን፣ አመማት።» ከዚያ ከሴትየዋ ጀርባ የምትጫወተውን ልጅ ጎንበስ ብላ አየቻት። «የኔ እመቤት፣ ያንቺዋንስ? እሷንስ ያማታል?»